በግቢያችን ዛፍ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ወፎች ግሪሳ ናቸውን?

በዚህ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ለልምምድ ማስተማር ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሳንጃ ተመድቤ ነበር። በአንድ የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሰብልና ስለ ተባይ እያስተማርኩ ሳለ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ደጃችን ዛፍ ላይ ጎጆ የሠሩት ቢጫ ወፎች ግሪሳ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር። በዕለቱ የትምህርት ዕቅዴ ላይ ስለ ግሪሳ አንድ መስመር እንጂ ስለ ቢጫ ወፍ ምንም አልተጻፈም። «አላውቅም» ማለት አፈርኩና «አዎ፣ ማሽላ የሚበላ ወፍ ሁሉ ግሪሳ ነው» አልኩት። ተማሪዎቹም በደብተራቸው ጻፉት።

ይህ የሆነው ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ አራት ልጆች አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ወደ እኔ መጡ። ከረጢቱ ውስጥ ከዛፍ የወረዱ 11 ጎጆዎች ነበሩ። በአንዳንዶቹ ውስጥ እንቁላል፣ በሌሎቹ ደግሞ ላባ ያላወጡ፣ ዓይናቸው ገና ያልተገለጠ ጫጩቶች ነበሩባቸው። የሚበዙት ሞተዋል። ልጆቹ «ግሪሳውን አጠፋነው ቲቸር» አሉኝና እንዳመሰግናቸው ቆመው ይጠባበቁ ጀመር። እኔም የምለው ጠፍቶኝ «ጎበዞች» አልኳቸው።

ወፎቹ ግሪሳ አልነበሩም። ይህንን ያወቅሁት በዚያው ዕለት ማታ ከእናቴ ነው። ነገሩን ስነግራት «አንተ ልጅ፣ ግሪሳ የሰው ደጅ መቼ ያውቃል? እነዚህማ የኛው ናቸው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሥነ ሕይወት መጻሕፍት አገላበጥኩ፤ በልምምዱም ጊዜ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራሳችን ግቢ ካለው ቁርቁራ ሥር እየተቀመጥኩ ወፎቹን ተመለከትኩ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ወደ ቆላው ለልምምድ ስለምትሄዱ ያው ጥያቄ እናንተንም ይገጥማችኋል። ይኸውም ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው።

ግሪሳ ማን ናት?

የሳንጃ ልጅ ሆኖ ግሪሳን የማያውቅ የለም እንላለን። ነገር ግን በደንብ ስናስበው የምናውቃት እንደ ደመና ነው እንጂ እንደ አንድ ወፍ አይደለም። በማሽላው ላይ ስትወርድና በጩኸት ስትነሣ እናያለን፤ አንዷን ወፍ በእጁ ይዞ መንቆሯን ያየ ግን ጥቂት ነው። የእኔም ስሕተት ከዚሁ የመጣ ነው።

ግሪሳ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ርዝመቷ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷም 20 ግራም ገደማ የሆነች ወፍ ናት። መንቆሯ አጭርና ወፍራም ሲሆን ቀይ ነው፤ ሴቲቱ ብቻ በመራቢያዋ ወቅት መንቆሯ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጀርባዋ እንደ ደረቀ ሣር ቡናማ መስመር ያለበት ነው። ወንዱ በመራቢያ ጊዜ ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ይሆናል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ትገኛለች። በዓለም ካሉት የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጣት እንደሌለ ይታመናል።

አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ ይህ የሰውነቷ ግማሽ ክብደት ነው። አሥር ግራም ምንም አይደለም ብሎ የሚያልፍ ቢኖር ለተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ እንዲህ ብሎ ያስላላቸው፦ አንድ መንጋ 100,000 ወፍ ቢኖረው በቀን 1,000 ኪሎ፣ ማለትም 10 ኩንታል ማሽላ ይበላል። ከዚህ የሚበልጥ መንጋ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ይህን ስሌት በክፍል ስሠራ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «የኛ ማሳ ጠቅላላውም አሥር ኩንታል አይወጣው» አለ።

የግሪሳ ጎጆ የሚገኘው ከመንደር ራቅ ባለ የግራርና የእሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ዝናብ ዘንቦ የሣሩ ዘር ሲያፈራ በሺህና በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጥንዶች በአንድ ሥፍራ ሰፍረው ባንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ በአንድ ግራር ላይ ብቻ በመቶ የሚቆጠር ጎጆ ይገኛል። ጎጆዋ ትንሽና ክብ ሲሆን በሩ ከጎኑ ነው። እንቁላሉ ከ10 እስከ 12 ቀን ታቅፎ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም በሁለት ሳምንት ገደማ ከጎጆው ይወጣሉ። ከዚያ መንጋው ተነሥቶ ሌላ ዝናብ የጣለበትን አገር ፍለጋ ይሄዳል። እናቴ «የሰው ደጅ አያውቅም» ያለችው እንግዲህ መጽሐፉም የሚለው ነው።

በግቢያችን ያለችው ሸማኔ

በቁርቁራችን ላይ ያለችው ወፍ ሌላ ናት። ጎጆዋን እንደ ጥበብ ሸማኔ እያጠላለፈች ስለምትሠራ ሸማኔ ወፍ ብንላት ያስኬዳል። የዚህ ወገን ወፎች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ በየመንደሩ ዛፍ ላይ ተሰብስባ የምትሠራው ግን በፈረንጆቹ መጻሕፍት «የመንደር ሸማኔ» የሚል ስም ተሰጥቷታል። ከግሪሳ ትገዝፋለች፤ ክብደቷ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ወንዱ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ራሱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ፣ መንቆሩም ጥቁር ነው። ሴቲቱ ደብዘዝ ያለች ናት። አስቸጋሪው ነገር ወንዱም የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ቢጫ ልብሱን ጥሎ ሴቲቱን መምሰሉ ነው። ያን ጊዜ በማሽላ ላይ ከሩቅ ሲታይ ከግሪሳ መለየት ያዳግታል። ስለዚህ የሚሻለው በጎጆው መለየት ነው፦ የሸማኔዋ ጎጆ ትልቅ ሆኖ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ በሩም ወደ ታች ነው።

አሠራሩን ማየት እጅግ ደስ ይላል። የሚሠራው ወንዱ ነው። በማሽላ ወይም በረጅም ሣር ቅጠል ላይ ያርፍና የቅጠሉን ጠርዝ በመንቆሩ ነክሶ ይቆርጣል፤ ቁራጩን እንደያዘ ሲበር ቅጠሉ እንደ ክር ረዝሞ ይቀደድለታል። በመጀመሪያ ክሩን በሁለት ቀንበጦች መካከል እየጠመጠመ አንድ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀለበት ላይ ቆሞ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ራሱን ወደፊት እየሰደደ ጣሪያውንና የእንቁላሉን ማኖሪያ ይሸምናል፤ ቀጥሎም መግቢያውን ይሠራል። የጎጆው ስፋት የሚወሰነው እንግዲህ መንቆሩ በደረሰበት ልክ ነው ማለት ነው። ድርና ማግ፣ መወርወሪያ የለ፣ መቃ የለ! ያለው መንቆርና እግር ብቻ ነው።

ጎጆው ሲያልቅ ከበሩ ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል፤ ሴቶቹን መጥራቱ ነው። አንዲቱ ትመጣና ትገባለች፤ ውስጡን በመንቆሯ እየጎተተች ትፈትሻለች። ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ አምጥታ ትደለድለዋለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ሴቶቹ የሚመርጡት ገና አረንጓዴ የሆነውን ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ ቡናማ ሲሆን የሚፈልገው የለም። ከሳምንት ገደማ በኋላ ወንዱ ራሱ ያንን ጎጆ አፍርሶ በዚያው ቦታ አዲስ ይጀምራል። ወጣቶቹ ወንዶች የሚሠሩት ጎጆ የተዝረከረከና የላላ ነው፤ እያፈረሱና እንደገና እየሠሩ ነው የሚማሩት። በቁርቁራችን ላይ እንዲህ ያለ አንድ ወጣት ነበረ፤ ሦስት ጊዜ ሲያፈርስ አየሁት። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ የትምህርት ዕቅዴን በመምህሬ ትእዛዝ እንደገና ስለጻፍኩ ከልብ አዘንኩለት።

ልጆቹ በከረጢት ካመጡት እንቁላል አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ነጠብጣብ ያለበት ነበር። ለዚህም ነው ብዙ ዓይነት ወፎች ናቸው ብለው የተከራከሩት። ግን ሁሉም የአንድ ዓይነት ወፍ እንቁላል ነው። አንዲት ሸማኔ ዕድሜዋን በሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት መልክ ያለው እንቁላል ሲሆን የጎረቤቷ ግን ከእርሷ ይለያል። ምክንያቱም ኩኩ የምትባለው ወፍ የራሷን ጎጆ ሳትሠራ እንቁላሏን በሸማኔዋ ጎጆ ውስጥ ጥላ ስለምትሄድ፣ ሸማኔዋ የራሷን መልክ ለይታ ባዕዱን ወደ ውጭ ትጥለዋለች። ይህች ወፍ ከአፍሪካ ተወስዳ ኩኩ እንቁላል ወደማይጥልባት ወደ ሞሪሸስ ደሴት ገብታለች። በዚያ የተደረገ ጥናት የእንቁላሎቹ መለያየት እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል። ሌባ በሌለበት አገር ቁልፍ እንደሚዝግ ማለት ነው።

ሰው አጠገብ መሥራቷስ ለምንድን ነው? እባብና ጭልፊት በመንደር ውስጥ እንደ ልባቸው ስለማይመላለሱ ነው። ቢመጡም ሁሉም ባንድ ላይ ይጮኻሉ። እናቴ በክረምት ወፎቹ እንዲያ ሲንጫጩ ዱላ ይዛ ትወጣለች፤ ከአንድ ጊዜ በላይም እባብ አግኝታለች።

የአባቴ ክርክር

አባቴ ግን በዚህ አይስማማም። ጫጩቶቹ ስለመሞታቸው ስነግረው «ለማሽላው ሁሉም አፍ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። በአራት ማዕዘን ማሳ ላይ ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ሲጮኽ የዋለን ሰው «ይህቺኛዋ ግሪሳ አይደለችም» ብሎ ማስተማር ቀላል አይደለም። ከሁሉ በፊት እውነቱን መናገር ይገባል፦ ሸማኔዋም ማሽላ ትበላለች። ጎጆዋን ለመሥራትም ቅጠሉን ትቀድዳለች። አትጎዳም ብሎ የሚያስተምር ሰው በገበሬ ልጆች ዘንድ ወዲያው ይታወቅበታል።

ልዩነቱ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቁጥር ነው፤ በእኛ ቁርቁራ ላይ የቆጠርኩት ጎጆ 23 ነው፤ ግሪሳ ግን በመቶ ሺህ ትመጣለች። ሁለተኛው የጫጩቶቹ ምግብ ነው። ሸማኔዋ ራሷ እህል ብትበላም ልጆቿን በአብዛኛው የምትመግበው ትላትልና አንበጣ የመሰሉ ነፍሳትን ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ወፍ ብቻ ለይቼ ለአንድ ሰዓት ስቆጥር 14 ጊዜ ወደ ጎጆዋ ተመላልሳለች፤ ለማየት በቻልኩበት ሁሉ በአፏ የያዘችው ትል ወይም ፌንጣ ነበር። ይህንን ለአባቴ ስነግረው «ከእኛ ማሳ ያመጣችው ይሁን» አለ። አንድ ደረጃ ዝቅ ማለቱ ነው።

ወፍን ሁሉ ባንድ ዓይን ማየት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በቻይና ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. በዚያ አገር ድንቢጥ ከአይጥ፣ ከዝንብና ከትንኝ ጋር አራተኛ ተባይ ተብላ ተፈረጀችና ሕዝቡ እንዲያጠፋት ታዘዘ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ብረት እየደበደበ ወፎቹ እንዳያርፉ አደረገ፤ ጎጆና እንቁላልም ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ድንቢጥ ትበላቸው የነበሩት ነፍሳት በሰብሉ ላይ በዙ። በ1960 ድንቢጥ ከተባይ መዝገብ ተሰርዛ በምትኳ ትኋን ገባች። በእነዚያ ዓመታት በቻይና ለደረሰው ታላቅ ረሃብ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ይህም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ግሪሳን መከላከል ግን ግዴታ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመውና ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ ሌላ ግሪሳንም በአውሮፕላን መድኃኒት በመርጨት ይከላከላል። መድኃኒቱ የሚረጨው መንጋው ተሰብስቦ በሚያድርበት ወይም በሚራባበት ሥፍራ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ በአፍሪካ ብዙ ጊዜ ያገለገለው ፌንቲዮን የተባለው መርዝ ወፍ አይመርጥም፤ ጭልፊቱና ጉጉቱም የሞተውን በልተው ይሞታሉ። ስለዚህ የመንጋውን ማደሪያ በትክክል ለይቶ መጠቆም ያስፈልጋል፤ ይህንን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ግሪሳን ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ሐሳብ ላንሣ። በጥቅምት ወር ከክፍሌ ተማሪዎች ሩብ ያህሉ አይመጡም ነበር፤ ማማ ላይ ናቸው። ግሪሳ አጥብቃ የምትበላው ጠዋትና ወደ ማታ ሲሆን በቀትር ሙቀት ጥላ ፈልጋ ትቀመጣለች። በእነዚያ ሁለት ወራት የቆላ ትምህርት ቤቶች ፈረቃቸውን በዚህ ሰዓት ልክ ቢያስተካክሉት ከቀሪው ልጅ ገሚሱ የሚመጣ ይመስለኛል። ወላጅ ልጁን ከማማ እንዲያወርድ ከመለመን ይህ ይቀላል።

የሣር ክዳኑና የግንቡ ወፎች

በቤታችን ዙሪያ ያለችው ሸማኔ ብቻ አይደለችም። ትንሿ ቀይ ድንቢጥ በሣር ክዳንና በግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ትሠራለች፤ እናቴ እህል ስታበጥር የሚፈሰውን ትለቅማለች። የእርሷም ጎጆ እንግዳ አያጣውም፤ ወንዱ ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቅ አንድ ሌላ ወፍ አለ፤ ሴቲቱ እንቁላሏን በድንቢጧ ጎጆ ትጥላለች። የእንግዳዋ ጫጩት የአፏ ውስጥ ነጠብጣብ የድንቢጧን ልጆች ስለሚመስል አብራ ትመገባለች፤ ወንዱ ጫጩትም ሲያድግ የአሳዳጊውን የድንቢጥ ዜማ ይዘምራል። ትልቁ ቤታችን ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ ድንቢጦቹ ያላቸው ማረፊያ ወጥ ቤቱ ብቻ ነው። እርሱም በሚቀጥለው በጋ ይለወጣል እየተባለ ነው።

ከጎንደር ከተማና ከደጋው የመጣችሁ ጓደኞቼ ደግሞ ይህ ሁሉ የቆላ ወሬ ነው ትሉ ይሆናል። የእናንተ የቤት ወፍ በፋሲል ግንብና በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር የምታዩአት፣ አንገቷ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች የምትመስለው ግራጫ እርግብ ናት። ይህች እርግብ በኢትዮጵያና በኤርትራ ካልሆነ በቀር በዓለም የትም አትገኝም። በተፈጥሮዋ የገደል ወፍ ስትሆን የግንቡን ድንጋይ እንደ ገደል ቆጥራ ትኖርበታለች። ለሳይንሱ ዓለም በመጀመሪያ የገለጻት እ.ኤ.አ. በ1832 ጎንደር ገብቶ የተቀመጠው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ስም ያወጣላት በ1837 ነው። ሰሜን ተራራ ላይ የምናያትን ወፍራም መንቆር ያላትን ትልቋን ቁራም የገለጸ እርሱ ነው። ሰውየው የጎንደርን ወፎች ለይቶ ስም ሲሰጥ እኔ የደጄን ወፍ ሳላውቅ ማስተማሬ ያሳፍራል።

ወደ ክፍል መመለስ

በሚቀጥለው የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን ደብተራቸውን አስገለጥኳቸውና «ማሽላ የሚበላ ወፍ ሁሉ ግሪሳ ነው» የሚለውን መስመር እንዲሰርዙ ነገርኳቸው። ተሳስቼ እንደነበርም ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ከረጢቱን ካመጡት አንዱ ተነሣና «ታዲያ ለምን ጎበዞች አሉን?» አለኝ። «የምለው ጠፍቶኝ ነው» አልኩት። ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ወጥተን ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ካለው ግራር ራቅ ብለን ቆምን። ሥራው ሦስት ነበር፦ ጎጆዎቹን መቁጠር፣ አረንጓዴውን ከደረቀው መለየት፣ አንዲት ወፍ መርጦ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ መመዝገብ። ዛፉን መንካት አልተፈቀደም። ማማ ላይ በመሆኑ ያልመጣ አንድ ልጅ ነገሩን ከወንድሙ ሰምቶ በሳምንቱ ሲመጣ በአንድ ወረቀት ላይ በማሳቸው ያረፉትን ወፎች ቀይ መንቆር ያላቸውንና የሌላቸውን ለይቶ በመስመር ምልክት ቆጥሮ አመጣ። እኔ ያላዘዝኩት ነው። ወረቀቱን አሁንም ይዤዋለሁ፤ ማየት የምትፈልጉ ጠይቁኝ።

ልጆቹ ጎጆ ያወረዱበት ዛፍ ልምምዱን ጨርሼ እስክመለስ ድረስ ባዶውን ነበር፤ ዝናቡም አልፎ ነበርና ዳግመኛ የሚሠራ አልመጣም። ያ ከረጢቱን ያመጣው ልጅ ሐምሌ ሲገባ ዛፉን አይቶ በአባቱ ስልክ እንደሚደውልልኝ ነግሮኛል።